«አለቀ» የተባለው ማሳ ስንት ኩንታል ጎደለው? በሽታና ተባይ ያጠፋውን ምርት ለክቶ የመገመት መመሪያ

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የበቆሎ ማሳ አለ። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ እዚያ መሃል ቆሜ ራሴን ይዤ ነበር። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። በየበቆሎው እምብርት ውስጥ ሰጋቱራ የመሰለ የተምች ኩስ ተከምሯል። ባለማሳው አዛውንት «ልጄ፣ አለቀ እኮ! ከብት ልልቀቅበት?» አሉኝ።

ደብተሬን አውጥቼ «የምርት ጉዳት፦ 60 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ለካሁ? ምንም። አየሁ፣ ደነገጥኩ፣ ጻፍኩ። ቁጥሩም ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ሄደ።

ኅዳር ላይ በቆሎው ሲሰበሰብ በዚያው በኩል አለፍኩ። ጆንያ እየተቆጠረ ነበር። ካለፈው ዓመት የጎደለው 3 ኩንታል ብቻ ነው። አዛውንቱ እየሳቁ «አንቺ በወረቀት ገደልሽው፤ እሱ ግን አልሰማሽም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሚዛንና ሲባጎ ሳልይዝ ማሳ አልገባም።

ብቻዬን የተሳሳትኩ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ መጤ ተምች ኢትዮጵያ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን ጋናና ዛምቢያ ውስጥ ገበሬዎች «ምን ያህል ጎዳችሁ?» ተብለው በቃል ሲጠየቁ፣ አማካይ መልሳቸው 45 እና 40 በመቶ ነበር። በኋላ ምሥራቅ ዚምባብዌ ውስጥ ተመራማሪዎች ማሳ ገብተው ሲለኩ፣ ከ32 እስከ 48 በመቶ የሚሆነው አገዳ ተጠቅቶ ሳለ የምርት ጉዳቱ 12 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አገሩ ሌላ፣ ዓመቱም ሌላ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ፊት ለፊት ማጋጨት አይቻልም። ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ተምቹ የሚበላው ቅጠል ነው፣ እኛ ጆንያ ውስጥ የምንከተው ደግሞ ፍሬ ነው። በቆሎ ገና በልጅነቱ ቅጠሉ ቢበላበት ሌላ ያወጣል።

መጀመሪያ፦ ከምን አንጻር ነው የጎደለው?

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ማሳ አትውረዱ። «ጉዳት» ማለት ያ መሬት፣ በዚያው ዓመት ዝናብ፣ በዚያው ዘርና ማዳበሪያ፣ በሽታው ወይም ተባዩ ባይመጣበት ኖሮ ከሚሰጠው ላይ የጎደለው ነው። የዘር ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ምርት ጋር አታወዳድሩ። መልካሳ ምርምር ማዕከል ሠርቶ ማሳያ ላይ ካያችሁት ጋርም አይሆንም። ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደርም አሳሳች ነው፤ የአዛውንቱ 3 ኩንታል ራሱ ፍንጭ እንጂ ልኬት አይደለም። የእኛ አካባቢ ስምጥ ሸለቆ ነው። ዝናቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድንገት ቀጥ ያለ ዓመት፣ ከጎደለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የውኃ ጥማት ነው። ያን ሁሉ በተምች ላይ መለጠፍ ተምችን መበደል ነው።

ስሌቱ ይኸው ነው፦

ጉዳት በመቶኛ = (የጤነኛው ምርት − የተጎዳው ምርት) ÷ የጤነኛው ምርት × 100

የምታካፍሉት ለጤነኛው ነው። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ጤነኛው በሄክታር 31.2 ኩንታል፣ የታመመው 23.6 ኩንታል ቢሰጥ ልዩነቱ 7.6 ነው። ለ31.2 ሲካፈል 24 በመቶ ይሆናል። በስህተት ለ23.6 ካካፈላችሁት 32 በመቶ ይወጣል። ቁጭ ብላችሁ ሌላ በሽታ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ዕቃ

ሜትር፣ ሲባጎ፣ አራት ችካል፣ ነጭና ቀይ የጨርቅ ቁራጭ፣ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ለትልቁ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ከረጢት፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይሟሟል። የእርጥበት መለኪያ መዋስ ከቻላችሁ ተዋሱ።

ስንት ጊዜ ትሄዳላችሁ?

ቢያንስ ሦስት ጊዜ። ለበቆሎ፦ በበቀለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ አበባ ሲያወጣ፣ ከዚያ ሲሰበሰብ። ለስንዴ፦ ዛላ ሲያወጣ፣ ፍሬው ወተት ሲይዝ፣ ከዚያ ሲታጨድ።

ጊዜው ለምን ያን ያህል ያስጨንቃል? በስንዴ ዋግ (ቅጠልና አገዳ ላይ ዝገት የሚመስል ፈንገስ) ላይ ብናየው ይገባል። የስንዴ ፍሬ የሚሞላው በአብዛኛው ከዛላው ስር ባለው የመጨረሻ ቅጠልና በዛላው በራሱ ነው። ያ ቅጠል ገና ዛላ ሲወጣ 40 በመቶው በዋግ ከተያዘ፣ ፍሬው ኮስማና ሆኖ ይቀራል። ያው 40 በመቶ ፍሬው ሊጥ ከሆነ በኋላ ቢታይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዓይን ላይ ሁለቱም እኩል ቢጫ ናቸው። ስለዚህ የሰብሉ ዕድሜ ያልተጻፈበት የበሽታ ቁጥር ለምንም አይሆንም።

ማሳ ውስጥ መቁጠር

ማሳውን ከመግባታችሁ በፊት ዙሩት። ረግረጋማ ጥግ፣ ምስጥ ኩይሳ፣ የከብት መንገድ ካለ ንድፍ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ከዳሩ አምስት ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በዚግዛግ ተጓዙ። አምስት ቦታ ቁሙ። በየቦታው 20 ተከታታይ አገዳ ቁጠሩ። ድምሩ 100 ነው፤ መቶኛው ካልኩሌተር አይፈልግም።

የምትቆሙበትን ቦታ አትምረጡ። ዓይን ተንኮለኛ ነው፤ የተቦደሰ ቅጠል ወዳለበት ይጎትታችኋል። እኔ 40 እርምጃ ቆጥሬ እግሬ ያረፈበት መስመር ላይ እጀምራለሁ። ደስ ያለኝም ያላለኝም ቦታ ቢሆን።

ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ መዝግቡ። አንደኛው ስንቱ ተነካ፣ ሁለተኛው የተነካው ምን ያህል ተጎዳ። እነዚህን መቀላቀል የሪፖርቶቻችን ዋና በሽታ ነው። «48 በመቶ ተጠቅቷል» የሚለው ቁጥር ሦስት ጠረጴዛ ሲያልፍ «48 በመቶ ወድሟል» ሆኖ ይወጣል።

ለበቆሎ እኔ ሦስት ክፍል ብቻ ነው የምጠቀመው። ተመራማሪዎች ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ 4ን ከ5 መለየት ግን ጠብ ያስነሳል። የእኔዎቹ፦ ንጹሕ፣ ቀላል (ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ እምብርቱ ግን ደህና ነው)፣ ከባድ (እምብርቱ ተቆርጧል ወይም አገዳው ተቆርቁሯል)። የአገዳ ቆርቁር ካለ በተለየ ዓምድ ጻፉት። አገዳውን በጥፍር ስትሰነጥቁ ትሉን ከነዋሻው ታገኙታላችሁ፤ ተምች ግን ብዙውን ጊዜ እምብርቱ ውስጥ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ማሳ ላይ ደብተሬ እንዲህ ይላል። በአምስቱ ቦታዎች ከ20ው የተነኩት 6፣ 9፣ 14፣ 8 እና 11። ድምር 48። ከእነሱ ውስጥ 33ቱ ቀላል፣ 15ቱ ከባድ። ንጹሑ 52። ሦስተኛው ቦታ ላይ 14 መሆኑን ልብ በሉ። አጥር ሥር ጥላ ያለበት ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ብሆን ኖሮ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ቆሜ «70 በመቶ» እል ነበር። ትልቁ ቁጥር ከትንሹ ከእጥፍ በላይ ሲሆን አምስት ቦታ ጨምሩ። እኔ ያን ቀን አልጨመርኩም፤ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። አሁን ይቆጨኛል።

ስንዴ ላይ አገዳ መቁጠር ብዙም አይጠቅምም፤ ዋግ ከገባ ሁሉም ጋ ነው። ስለዚህ በየቦታው 10 አገዳ ይዛችሁ የላይኛውን ቅጠል ስንት በመቶ እንደሸፈነ ገምቱ። ባለሙያዎቹ የኮብ መለኪያ የሚባል የዋግ ሽፋን መገመቻ ይጠቀማሉ። በእሱ «100 በመቶ» የሚባለው ቅጠል፣ የዋጉ ቁስል በትክክል ሲለካ የያዘው የቅጠሉን 37 በመቶ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ስታነቡ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ።

ከቅጠል ቀጥታ ወደ ኩንታል የሚያሻግር ቀመር አለ ወይ? አለ። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ለገብስ አመዳይ በሽታ (ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ፈንገስ) የወጣው፣ ዛላ ወጥቶ ሲያልቅ በታየው መቶኛ ስኩዌር ሩት ላይ 2.5 ማባዛት ነው። 16 በመቶ ካያችሁ 4 በ2.5፣ ማለትም 10 በመቶ ጉዳት። የሚያምር ቀመር ነው። ግን የእንግሊዝ ገብስ፣ የእንግሊዝ ዝናብ፣ የእንግሊዝ ዝርያ ላይ የተሠራ ነው። አርሲ ውስጥ ዴራና ዶዶታ ስንዴ ላይ አምጥቶ መለጠፍ አይገባም። እዚህ በሽታን የሚወስነው ከምንም በላይ ዝርያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ጠራርጎ ሲሄድ፣ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ባሌ ላይ ዲጋሉ የተባለውን ዝርያ ሲመታ፣ አንድ ዝርያ ሰፊ ቦታ ይዞ መገኘቱ ነው ጉዳቱን ያከፋው። ስለዚህ የዝርያውን ስም መጻፍ አትርሱ። ገበሬው «የመንግሥት ዘር» ካሏችሁ ከረጢቱን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ጤነኛውን ከየት ታመጣላችሁ?

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ርካሹ ነው፤ ምልክት ማሰር። በሁለተኛው ጉብኝት፣ በዚያው ማሳ፣ 20 ንጹሕ አገዳ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ 20 ከባድ ጉዳት ያለበት ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ለቀላሉ 20 አገዳ ላይ ሲባጎ ብቻ። የሚነጻጸሩት ጎን ለጎን ይሁኑ፤ አንዱ ለም ቦታ፣ አንዱ ጭንጫ ላይ እንዳይሆን። ሲሰበሰብ እያንዳንዱን ለየብቻ ፈልፍላችሁ፣ አንድ ላይ አድርቃችሁ መዝኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ቀይ ጨርቅ ካሰራችሁበት ውስጥ ጭራሽ ራስ ያልያዘ ይኖራል። እሱንም ቁጠሩት፤ 0 ግራም ብላችሁ። አንድ ተማሪ 20ውን አስሮ 16 ራስ ይዞልኝ መጣ። «አራቱስ?» ስለው «ምንም የላቸውም» አለኝ። በ16 አካፍሎ ነበር። ጉዳቱን ያሳዩት የነበሩት እነዚያው አራቱ ናቸው እኮ!

ያ 48 አገዳ የተነካበት ማሳ ሲመዘን እንዲህ ወጣ። ንጹሑ በአማካይ 100 ግራም ፍሬ በአገዳ። ቀላሉ 94። ከባዱ 58። አሁን አዋህዱት፦

52 × 100 = 5200
33 × 94 = 3102
15 × 58 = 870
ድምር 9172፣ ለ100 አገዳ ሲካፈል 91.7 ግራም

ሁሉም ንጹሕ ቢሆን ኖሮ 100 ግራም ነበር። ጉዳቱ 8.3 በመቶ ነው። ማሳው በሄክታር 40 ሺህ ያህል አገዳ ስለያዘ ጤነኛው 40 ኩንታል፣ የጎደለው 3.3 ኩንታል። 48ቱ በመቶ ተነክቶ፣ 8.3 በመቶ ጎደለ። ከ3.3ቱ ውስጥ ደግሞ ወደ 2.5 ኩንታል የሚጠጋው የመጣው ከ15ቱ ከባዶች ነው።

ይህ ዘዴ ሁለት እንከን አለው። የተምች እናት ደህና የፋፋ በቆሎ ላይ እንቁላሏን መጣል የምትመርጥ ከሆነ፣ «ንጹሕ» ብላችሁ ያሰራችሁት ቀድሞውንም ደካማ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጉዳቱ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላችኋል። በተቃራኒው ደግሞ የተጎዳ አገዳ ጥላው ስለሚቀንስ ጎረቤቱ ይፋፋል፤ ያኔ ጉዳቱ የበዛ ይመስላል። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ የሆነው በዚህ ነው።

ሁለተኛው፦ ማሳውን በሰቅ (በረጅም ቁራጭ) ክፈሉና አንዱን ሰቅ ርጩ፣ አጠገቡ ያለውን ተዉ። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ። ሰቁ ቢያንስ 5 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ መድኃኒቱ በነፋስ ስለሚሻገር ከመሃሉ ብቻ ሰብስቡ። ገበሬ ሳይረጭ እንዲተው ማሳመን ከባድ ነው፤ እውነታቸውን ነው። እኔ የምለምነው ጠባብ ሰቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሳይጠየቅ ይገኛል። ኬሚካሉ መሃል ላይ ሲያልቅ የቀረው ጥግ ለናንተ ሲሳይ ነው፤ ባለቤቱ ግን አይስቁም።

ሦስተኛው ለግሪሳ ወፍ ነው። ማሽላው ወተት ከመያዙ በፊት 20 ራስ ላይ የጨርቅ ከረጢት አልብሱ። ሌላ 20 አጠገቡ ራቁቱን ተዉ። ሲደርስ መዝኑ። ከዚህ ቀላል የለም። ግሪሳ አንዷ በቀን እስከ 10 ግራም ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን መንጋ 100 ኩንታል ማለት ነው። ግን መንጋው እናንተ ማሳ ላይ ምን ያህል እንደቆየ የሚነግራችሁ ከረጢቱ ብቻ ነው።

አጨዳና ሚዛን

ለስንዴና ለጤፍ አንድ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ በካሬ ሜትር 10 ግራም ማለት በሄክታር 1 ኩንታል ነው። 312 ግራም ከመዘናችሁ 31.2 ኩንታል። ከየሰቁ አምስት ቦታ አንድ አንድ ካሬ ሜትር አጭዳችሁ ወቅታችሁ መዝኑ። ከላይ ለምሳሌ ያነሳሁት 31.2 እና 23.6 እንዲህ ነው የሚገኘው። ከእጃችሁ ብዙ እንዳይረግፍ ከነአገዳው ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ በተለይ ጤፍን።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የሰብል ግምቱን ሲሠራ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ ነው የሚያጭደው። ለተበተነ ሰብል ጥሩ ነው። ከ16 ካሬ ሜትር የወጣውን ኪሎ በ6.25 ብታባዙት በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ይነግራችኋል። በመስመር ለተዘራ በቆሎ ግን አልወደውም። መስመሩ 75 ሳንቲ ሜትር ከተራራቀ 4 ሜትር ውስጥ አንዳንዴ 5 መስመር፣ አንዳንዴ 6 ይገባል። ችካሉን ትንሽ ወዲያ ብታደርጉት 20 በመቶ ምርት «ይጨምራል»። የምትፈልጉት ጉዳት ደግሞ 8 በመቶ ነው! ለመስመር ሰብል መስመሩን ራሱን ለኩ። ሁለት መስመር በ10 ሜትር ርዝመት፣ በ0.75 ስፋት ሲባዛ 15 ካሬ ሜትር። የወጣውን ኪሎ በ6.67 አባዙ።

እርጥበት ደግሞ አለ። ከማሳ የመጣ በቆሎ 20 በመቶ ውኃ ሊሆን ይችላል። የተለመደው መነሻ 12.5 በመቶ ነው። 36 ኪሎ በ20 በመቶ እርጥበት ከመዘናችሁ፣ 36 × 80 ÷ 87.5 = 32.9 ኪሎ። መለኪያ ከሌላችሁ ጤነኛውንና የታመመውን አንድ ሸራ ላይ፣ አንድ ፀሐይ ላይ፣ እኩል ቀን አስጡ። መቶኛው አይዛባም፤ ኩንታሉ ብቻ ነው ትንሽ የሚያጠራጥረው።

ሁለት ጠላት አብሮ ሲመጣ

አትደምሩ። ዋግ 20 በመቶ ቢወስድ የሚቀረው 80 ነው። ከዚያ ሌላው 10 በመቶ የሚወስደው ከ80ው ላይ ነው፤ 72 ይቀራል። ጉዳቱ 28 እንጂ 30 አይደለም። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን ተምች 50፣ ቆርቁር 40፣ አረም 30 እያለ የሚሄድ ሠንጠረዥ አይቻለሁ። ድምሩ 120 በመቶ! ገበሬው ለተባይ 20 በመቶ ከኪሳቸው ሊጨምሩለት ነው መሰል።

ወደ ብር

የጎደለው ኩንታል በዋጋ ሲባዛ የጉዳቱ ብር ይወጣል፤ ይህ ቀላል ነው። «መርጨት ያዋጣ ነበር ወይ?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ያህል ኩንታሉን 4,000 ብር፣ ርጭቱን ከነጉልበቱ በሄክታር 3,000 ብር እናድርገው። 3.3 ኩንታል 13,200 ብር ነው። ግን ርጭት ሁሉንም አያድንም። 60 በመቶውን ቢያድን 2 ኩንታል ገደማ፣ 8,000 ብር አካባቢ። ወጪው ሲቀነስ 5,000። ያዋጣል። በማሳው ላይ 1 ኩንታል ብቻ የሚያጠፋ ተምች ቢሆን ግን መድኃኒቱ ከተምቹ የበለጠ ይበላችሁ ነበር። ለመርጨት የሚወሰነው ደግሞ በልጅነቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ20 በመቶ በላይ ተነክቶ ሲታይ የሚል የተለመደ መነሻ አለ። ተምቹ የበቆሎው ራስ ውስጥ ከገባ በኋላ የምትረጩት ለነፋስ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፋል?

አንድ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። ቀን፣ የሰብሉ ዕድሜ፣ ዝርያ፣ ስንት ቦታ እንደቆማችሁ፣ ጤነኛውን ከየት እንዳመጣችሁ፣ ትንሹና ትልቁ ይግቡ። አለቃችሁ «ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ» ይላችሁ ይሆናል። ንገሯቸው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉንም አስፍሩ። ከሁለት ወር በኋላ ማን እንደሚጠይቃችሁ አይታወቅም።

የወንጂውን መንገድ ማሳ ያኔ ሐምሌ ላይ ለክቼ ብጽፈው ኖሮ ይህን ይመስል ነበር (ቁጥሮቹን ከሁለተኛው ዓመት ማሳ ወስጃለሁ)፦ «በቆሎ፣ ከበቀለ 4ኛ ሳምንት። 5 ቦታ፣ 100 አገዳ። በተምች የተነካ 48፤ ቀላል 33፣ ከባድ 15፤ በየቦታው ከ20ው ከ6 እስከ 14። ምልክት የሚታሰረው አበባ ሲያወጣ። የምርት ጉዳት፦ ገና አልተመዘነም።»